ያልተቀመሰ ብስኩት

ካሳነሽ ኖርዌይኛ የተማረችው ከሕፃን ልጅ ነው። ሮማ ከተማ ውስጥ ለሚኖሩ ኖርዌያውያን ባልና ሚስት በቤት ሠራተኝነት ከተቀጠረች ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ልጃቸው ሊቭ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጥ ቤት ገብታ ትቀመጥና «ይሄ ክኒቭ ነው፣ ያ ሼ ነው» እያለች ቢላውንና ማንኪያውን ታስጠራታለች። ካሳነሽም የሰማችውን በራሷ ፊደል ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ልጅ ስታስተምር አትታክትም፣ ስትሳሳቺ ደግሞ አታዝንልሽም፤ ስለዚህ ቋንቋው ቶሎ ገባት።

ያስቸገራት ጠባያቸው ነው። ከማዕድ ሲነሱ ከአባት እስከ ልጅ ምግቡን ላቀረበው ሰው «ታክ ፎር ማተን» ይላሉ፤ ስለ ምግቡ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነው። ያለፈው ሳምንት ያገኙትን ሰው ዛሬ ቢያገኙት «ታክ ፎር ሲስት» ብለው ላለፈው ጊዜ ያመሰግኑታል። ይሄ ይሄ ደስ ይላታል። ደስ የማይላት እርስዎ የሚባል ነገር አለማወቃቸው ነው፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም «ዱ» ነው፣ አንተና አንቺ። ደግሞ ምግብ ሲያቀርቡ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁት። የተቀጠረች ዕለት የቤቱ እመቤት ቱሪድ «ትበያለሽ?» አለቻት። ካሳነሽ እንደ አገሯ ደንብ «ኧረ በልቻለሁ» አለች፣ በሞቴ እስክትባል። ቱሪድ «እሺ» ብላ ሳህኑን አነሳችው። ያን ቀን ካሳነሽ ሆዷ እየጮኸ ዋለች፣ ማታም ደብተሯ ላይ «ኖርዌይ፦ እምቢ ካልሽ እምቢ ነው» ብላ ጻፈች። ጻፈችው እንጂ ደሟ ውስጥ አልገባም። ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

በ1973 ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሲገባ፣ ቱሪድ ወጥ ቤት መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባለቤት ወጥ ቤት ገብቶ ከተቀመጠ ነገር አለ።

«ሰኔ ላይ ጠቅልለን ወደ አገራችን እንመለሳለን» አለች።

ካሳነሽ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። «ፔርሜሶዬስ፣ የመኖሪያ ፈቃዴስ?»

«ያለ እኛ አይታደስም። አንቺን ይዘን መሄድ እንፈልጋለን። ግን የምንገባው አማቴ ቤት ነው፣ ረዳት የምትፈልገውም እሷ ናት። ላንቺ የምትፈርመውም እሷ ናት። ለገና ትመጣለች፣ ታይሻለች። እሺ ካለች በጃንዋሪ ወረቀትሽን እንጀምራለን። እምቢ ካለች እኛ ምንም ማድረግ አንችልም።»

እንግዲህ ነገሩ ይሄው ነው። ያለ ሥራ ፔርሜሶ የለም፣ ያለ ፔርሜሶ ሮማ የለችም። አዲስ አበባም ቢሆን የምትመለስበት ቤት አልነበራትም። ታናሽ ወንድሟ ኃይለ በቀይ ሽብር ጊዜ ከጉለሌ ቤታቸው ተወስዶ አልተመለሰም። አስከሬኑን እንኳ አላገኙም። እሷም «እህቱስ የት ናት?» መባል ሲጀመር ነው በዘመድ በኩል ለቤት ሥራ ሮማ የመጣችው። ፓስፖርቷ ሊያልቅ ወራት ቀርተውታል፤ ለማሳደስ ደግሞ ስሟን ጽፋ የምትሰጠው ለነዚያው የመንግሥት ሰዎች ነው። ያን አታደርገውም። ስለዚህ አንዲት በዐይኗ አይታ የማታውቃት አሮጊት «እሺ» ማለት ነበረባት፣ ካሳነሽም እሺ ልታሰኛት ቆረጠች።

ፍሩ ጉንቮር በታኅሣሥ መጀመሪያ መጡ። ፍሩ ወይዘሮ ማለት ነው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ቁመታቸው የበር መዝጊያ ያህላል፣ ጣቶቻቸው ግን በቁርጥማት ተቆልምመዋል። የኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ሰው ናቸው። ካሳነሽን ጨበጧትና ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ስትናገራቸውም በሚስማሙበት ነገር ላይ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «ያ» አሉ። ካሳነሽ ደነገጠች። አዎን ብሎ ትንፋሽ መሳብ የአበሻ ብቻ ይመስላት ነበር። አሮጊቷን ያን ጊዜውኑ ወደደቻቸው፤ በኖርዌይኛው «ዱ» እያለችም በሆዷ እርስዎ ትላቸው ጀመር።

በማግስቱ ፍሩ ጉንቮር አንድ ያረጀ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«በኛ አገር ለገና ሰባት ዓይነት ብስኩት ይጋገራል» አሉ። «ስድስት የጋገረች ሴት ሰነፍ ትባላለች። ስምንት የጋገረች ትዕቢተኛ ትባላለች። ይሄ የእናቴ ደብተር ነው። የኔ እጅ አይሠራም፣ አንቺ ትጋግሪያለሽ። አንድ ሕግ አለኝ፦ የጋገረው ሰው ሳይቀምስ የብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም።»

ጉድ ፈላ። የነቢያት ጾም ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ደብተሩ ውስጥ ደግሞ ቅቤ፣ እንቁላልና ክሬም ያልገባበት ገጽ የለም። ካሳነሽ ጾም ናት። ቱሪድ ይሄን ታውቃለች፣ ግን እንደ ፈረንጅ ዕውቀት ነው የምታውቀው፤ ሥጋ የተተወ እንደሆነ ነገሩ ያለቀ ይመስላታል። ካሳነሽ ደግሞ ወንድሟ ከተወሰደ ወዲህ አንድም ጾም ገድፋ አታውቅም። ቤቷን፣ አገሯን፣ የወንድሟን መቃብር ሳይቀር ወስደውባታል። ይሄን የሚወስድባት የለም፤ እሷ ራሷ ካልሰጠች።

ታዲያ ይሄን ለምን ለአሮጊቷ አልነገረቻቸውም? ይሉኝታ ነዋ! ትልቅ ሰው ገና እግሩ ከመግባቱ «አልችልም» ይባላል? «እሺ» አለች።

ችግሩ መጋገሩ አይደለም። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮ የሠራች የአበሻ ሴት ጨውና ቅመም የምትለካው በአፍንጫዋ ነው፤ አምሳ አምስት ቀን ጹማ አንዲት ጠብታ ምላሷ ላይ ሳታሳርፍ ጎረቤት የሚያደንቀውን ወጥ ታወጣለች። ካሳነሽም በአፍንጫዋና በጆሮዋ ጋገረች። በሁለት የብረት ሳህን መካከል ተጠብሶ እንደ ጥሩምባ የሚጠቀለለውን ክሩምካከ ጋገረች። ከለውዙ ጋር ጥቂት መራራ ለውዝ የሚገባበትንና በትንንሽ የቆርቆሮ ቅርጽ የሚጋገረውን ሳንካከም፣ ቅመም የሚበዛበትን ፔፐርካከም ጋገረች። ፍሩ ጉንቮር በየቀኑ ብቅ ይሉና «ቀምሰሽዋል?» ይላሉ። ካሳነሽም ትንፋሿን ሳብ አድርጋ «ያ» ትላለች። ውሸት እንደሆነ ታውቃለች። በየማታው «ይቅር በለኝ» ትላለች፣ በየጧቱ ትደግመዋለች። አሮጊቷ አንዳንዱን ቆርሰው ይቀምሱና ምንም አይሉም፤ ከሳቸው አገር ሰው ምንም አለማለት ምስጋና ነው።

ሰባተኛው ሴሪናካከ ይባላል። ደብተሩ «ሁለት የሻይ ማንኪያ ሆርንሳልት» ይላል፤ ብስኩቱን የሚያነፋ ዱቄት ነው። ፍሩ ጉንቮር ሆርንሳልቱን በትንሽ ጣሳ ከአገራቸው ይዘው መጥተዋል። ካሳነሽ ጣሳውን ስትከፍተው ዐይኗ እንባ አቀረረ። የበቅሎ በረት ነው የሚሸተው፤ የሽንት ሽታ እስከ ማጅራቷ ዘለቃት። «እኔን! ይሄ ነገር መንገድ ላይ ተበላሽቶባቸዋል» አለች።

አሁን እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ይጠይቃል። ካሳነሽ ግን የጨዋ ልጅ ናት። አንዲት አሮጊት ከሰሜን ጫፍ ድረስ ተሸክመው ያመጡትን ነገር «ገምቷል» ብላ ታሳፍራቸው? አታደርገውም። ዱቄቱን ቧንቧ ውስጥ አፈሰሰችው፣ ጣሳውን አጠበችው፣ በሆርንሳልቱ ፈንታ ጓዳ ያገኘችውን የዳቦ ማንፊያ ሶዳ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ጨመረች። ብስኩቱ አምሮ ወጣ። ከላዩ ስኳርና ለውዝ ነሰነሰችበት። አፍንጫዋም ቅቤና ለውዝ እንጂ ሌላ አልነገራትም።

«ቀምሰሽዋል?»

«ያ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኖርዌያውያን እንግዶች መጡ። ሰባቱም ዓይነት በሰባት ሳህን ቀረበ፣ ሻማ በራ፣ ዘፈናቸውን ዘፈኑ። ስድስቱ ሳህን ሲዞር ሁሉ ነገር ደኅና ነበር። ሰባተኛው ሲደርስ ጨዋታው ቀስ እያለ ቆመ። አንዱ እንግዳ የነከሳትን ብስኩት ስኒው ሥር አስቀመጠ። አንዲቱ ሴት ደጋግማ ቡናዋን ጠጣች። እውነቱን ያወጣችው ሊቭ ናት።

«ሳሙና!» አለች። «አያቴ፣ ይሄ ሳሙና ሳሙና ይላል!»

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ፍሩ ጉንቮር ወጥ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ካሳነሽ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«ቀና በይ» አሉ። «ይሄን ቀምሰሽ ነበር?»

«አልቀመስኩም።»

«ሌሎቹንስ?»

«አንዱንም አልቀመስኩም። ጾም ላይ ነኝ። ቅቤና እንቁላል አይፈቀድልኝም።»

«ታዲያ ለምን ቀምሻለሁ አልሽ?»

ለትልቅ ሰው እንቢ አይባልም የሚለውን በኖርዌይኛ እንዴት ይሉታል?

«ሆርንሳልቱስ የት አለ?»

«ጣልኩት። የተበላሸ መስሎኝ ነው። ሽንት ይሸት ነበር።»

«ሆርንሳልት እንዲያ ነው የሚሸተው! እሳት ሲያገኘው ሽታው ይጠፋል፤ የእናቴ እናት ከአጋዘን ቀንድ ነበር የምታወጣው። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

«እኔ እንዳላፍር» አሉ ቀስ ብለው። «በሃያ ሰው ፊት። ስሚኝ፣ እኔ ሽባ ስሆን መድኃኒቴን የምትሰጠኝ ሴት ናት የምፈልገው። ስጠይቃት እውነቱን የማትነግረኝን ሴት ቤቴ አላስገባም።» በሩን ከፍተው ወጡ።

ማታውን ካሳነሽ በትሬኒኖው፣ በትንሿ ባቡር፣ ቶር ፒኛታራ ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። እዚያ ሠናይት የምትባል ጓደኛዋ የተከራየቻት አንድ ክፍል አለች፤ የዕረፍት ቀናቸውን አብረው የሚያሳልፉባት ናት። ሠናይት ታሪኩን ሰምታ ደረቷን መታች።

«አንቺ ልጅ አብደሻል? አሎራ፣ እንግዲያው ሽማግሌ እንላካ! አባ ዘርአ ብሩክን እለምናቸዋለሁ፣ ቄስ ቢላክባቸው እንቢ አይሉም።»

«እነሱ ሽማግሌ መላክ አያውቁም። የኔን ጥፋት ሌላ ሰው ቢያስታርቅ ይብሱን ይንቁኛል።»

«እንግዲያው እግራቸው ላይ ወድቀሽ አንዷን ቅመሽ። ንስሐ ትገቢበታለሽ። እግዜር ፔርሜሶሽን አያይም?»

ካሳነሽ ነጠላዋን አጣፋች። «አልቀምስም፣ ሠናይት። ቀይ ሽብር ያላስገደፈኝን ብስኩት አያስገድፈኝም። ግን ያበላሸሁትን እጠግነዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ያላልኩትን።»

ሰኞ ጧት ሆርንሳልት ፍለጋ ወጣች። የጣሊያንኛ ስሙን አታውቀውም። ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ አጠገብ ያለው ባለ ሱቅ «ሳልት» ስትለው ጨው አወጣላት። በመጀመሪያው ፋርማቺያ ባለ መድኃኒቱ የአጋዘን ቀንድ ስትለው ለወንዶች የሚሆን መድኃኒት የምትፈልግ መሰለውና ተሽኮረመመ። በሁለተኛው ፋርማቺያ «ለኬክ የሚሆን፣ የፈረስ ሽንት የሚሸት ዱቄት» ብትል ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት። ዝናቡ ጀመረ፣ ጫማዋ ውሃ ገባው፣ እልሁም ባሰባት። «ዛሬ ሳላገኘው ብገባ ካሳነሽ አይደለሁም» አለች ጮክ ብላ፣ በአማርኛ፣ መንገድ ላይ።

አምስተኛው ፋርማቺያ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጧት፣ ከዚያ ከመደርደሪያ አንድ ብልቃጥ አውርደው አፍንጫዋ ሥር ከፈቱላት። ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄው ነው!» ብላ ጮኸች። «አሞኒያካ ፔር ዶልቺ» አሉ ሽማግሌው፤ የጣፋጭ መጋገሪያ አሞኒያ ማለት ነው። «ሴቶቹ ዛሬ አይገዙትም፣ እናቴ ግን ያለሱ አትጋግርም ነበር።» ካሳነሽ እጃቸውን ልትስም ምንም አልቀራት።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ከፍታ ጋገረች። ምድጃው ሲግል ሽታው ቤቱን ሞላው። ቱሪድ አፍንጫዋን ይዛ ሸሸች። ፍሩ ጉንቮር ግን ከክፍላቸው ወጥተው መጡና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ ሽታው ጠፍቶ የቅቤና የለውዝ ሽታ እስኪተካው ድረስ አልተንቀሳቀሱም። ካሳነሽ ብስኩቱን አወጣችው። ሳህን ላይ አድርጋ አቀረበችላቸውና ዐይን ዐይናቸውን እያየች ተናገረች።

«ሆርንሳልትዎን ጥዬ በፈንታው ሶዳ አድርጌ ነበር፤ ሳሙና ሳሙና ያሰኘው እሱ ነው። ሰባት ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ። ጥፋቴ ነው፣ አይደገምም። ይሄን ገዝቼ መጥቼ እንደ ደብተሩ ጋግሬዋለሁ። አልቀመስኩትም፣ አልቀምሰውምም። ቀምሰው ይንገሩኝ።»

«ሕጌን ነግሬሻለሁ።»

«ነግረውኛል።»

«ኖርዌይ መምጣት ከፈለግሽ አሁን ቅመሽ ብልሽስ?»

ካሳነሽ የሰኔ ወር ታያት። ሻንጣዋ፣ የሠናይት ጠባብ ክፍል፣ ፖሊስ «ዶኩመንቲ» ሲላት። ሁሉም ታያት።

«እንግዲያው አልመጣም» አለች።

ፍሩ ጉንቮር አንዷን ብስኩት አንስተው በሉ። ቀስ ብለው ነው የሚያኝኩት። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ጾማችሁ መቼ ነው የሚያበቃው?»

«በጃንዋሪ ሰባት። ያን ዕለት ነው የኛ ልደት።»

«ያ» አሉ አሮጊቷ፣ ብስኩቱን ቆርቆሮ ውስጥ ሳያስገቡ ትተውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። የነሱ ገና መጣና ሄደ፤ ዛፉን ከበው እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዞሩ ዘመሩ፣ ካሳነሽንም መካከል አስገቧት። አዲስ ዓመታቸው መጣና ሄደ። ካሳነሽ እንቅልፍ አጣች። እኛ አገር የተቆጣ ሰው ይሳደባል ወይ ይታረቃል፤ እነዚህ ሰዎች ዝም ሲሉ ግን ቁጣ ይሁን ምሕረት አይታወቅም። ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ በራቸው ላይ ደርሳ ተመለሰች። ያላትን ሁሉ ተናግራለች፤ ከዚህ በላይ መለማመጥ ቃሏን ማርከስ መሰላት።

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን ገና አላወለቀችም፣ ፍሩ ጉንቮር ከምግብ ክፍሉ ጠሯት። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ሰባት ትንንሽ ሳህኖች ተደርድረዋል፣ በያንዳንዳቸው አንዳንድ ብስኩት አለ። ቱሪድ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ተቀመጪ» አሉ አሮጊቷ። እሳቸው ቆመው እሷን ማስቀመጥ! ካሳነሽ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«በአሥራ ስድስት ዓመቴ የአንድ መርከበኛ ባለጸጋ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ» አሉ ፍሩ ጉንቮር። «በአባቴ ቤት መጠጥና ካርታ ነውር ነው፤ ሃይማኖታችን ነው። ጌታዬ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ብርጭቆ ሰጠኝ፣ 'ጠጪ ወይ ውጪ' አለኝ። ሳጥኔን ተሸክሜ በበረዶ ውስጥ ሃያ ኪሎ ሜትር በእግሬ ቤቴ ገባሁ። አልዋሸሁትም ግን። ጠጥቻለሁ ብዬ በመስኮት መድፋት እችል ነበር።» ሳህኖቹን ወደሷ ገፋ አደረጉ። «ከነገርሽኝ ነገር ግማሹን፣ አልቀምስም ያልሽውን፣ ወድጄዋለሁ። ግማሹን፣ አይደገምም ያልሽውን፣ ገና አላመንኩም። ጾምሽ አብቅቷል። አሁን ቅመሽና ንገሪኝ።»

ካሳነሽ አማተበችና ከመጀመሪያው ሳህን ጀመረች። ክሩምካከው ጥርሷ ላይ ሲሰበር የገዛ እጇ ሥራ አስገረማት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ቀመሰች። ሴሪናካከው አፏ ውስጥ ፍርክስ አለ። የመጨረሻዋ ሳንካከ ነበረች። አኘከቻት፣ ዋጠቻት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆርሳ ቀመሰች።

«እንዴት ነው?» አሉ።

ምላሷ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ ነው፣ እጅዎ ይባረክ» የሚለው ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በሰው ማዕድ ላይ ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ቱሪድ ከግድግዳው ዐይኗን ታፈጥባታለች፣ «ጥሩ ነው በይ» የምትላት ይመስላል። ካሳነሽ ውሃ ጠጣች።

«ስድስቱ ጥሩ ናቸው» አለች። «ሳንካከው ግን ጥሩ አይደለም።»

ቱሪድ ዐይኗን ጨፈነች።

«እሱ የእናቴ ነው» አሉ ፍሩ ጉንቮር። ድምፃቸው እንደ ቢላ ቀጥ ያለ ነበር። «ስልሳ ዓመት እንዲሁ ነው የጋገርነው። ከሰባቱ የምወደውም እሱን ነው።»

«ቢሆንም መሯል። መራራው ለውዝ በዝቷል። የጣሊያን መራራ ለውዝ ከናንተ አገሩ ሳይበረታ አይቀርም፤ እንደ ደብተሩ ስድስት ፍሬ ነው ያደረግኩት። ቀምሼ ቢሆን ኖሮ ሁለት አደርግ ነበር። አሁንም ብጋግረው ሁለት ነው የማደርገው።»

አሮጊቷ የቀረችውን የሳንካከ ቁራሽ አንስተው አፋቸው ውስጥ አስገቡ። አኘኩ፣ ቆም አሉ፣ እንደገና አኘኩ። ከዚያ ወደ ቱሪድ ዞሩ።

«ገናውን ሙሉ ስንበላው ከረምን፣ ከናንተ አንዱ እንኳ መሯል አላለኝም» አሉ። «ነገ ጧት ሄደሽ ወረቀቷን አስጀምሪ።»